ልጄ ኢትዮጵያ ውስጥ ሬንጀር ማነጋገር ይፈልጋል፤ የትኛው ፓርክ ልውሰደው?

እናት ከአሌክሳንድሪያ

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። እግዚአብሔር ካለ ለገና ልጄን ይዤ አገር ቤት እገባለሁ። 8 ዓመቱ ነው፣ ኢትዮጵያን ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ዘመድ ጥየቃው እንዳለ ሆኖ፣ እሱ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፓርክ ሄዶ የኢትዮጵያ ሬንጀር፣ ማለትም የፓርክ ጠባቂ፣ ማነጋገር።

ከየት አመጣው ለምትሉ፣ እዚህ አሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ጁኒየር ሬንጀር የሚባል የልጆች ፕሮግራም አለ። የጎብኚዎች ማዕከል ገብታችሁ ስትጠይቁ ለልጁ ደብተር ይሰጡታል፣ አብዛኛው ቦታ በነጻ ነው። ልጁ ፓርኩን እየዞረ ያየውን ይስላል፣ ይጽፋል፣ ጥያቄዎች ይመልሳል፣ ከዛ ተመልሶ ለሬንጀር ያሳያል። ሬንጀሩ ዝም ብሎ አይቀበለውም። ገጽ በገጽ እያገላበጠ "ይሄን የት አየኸው?" ይለዋል። መጨረሻ ላይ ቀኝ እጁን አስነስቶ ቃል ያስገባውና ባጅ ይሰጠዋል።

ለእኛ የሚቀርበን ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ነው። እዛ ያገኘናት ሬንጀር ጠረጴዛ ላይ የነበረ የጥቁር ድብ ቆዳ አስዳሰሰችውና "የብርዱ ወራት ሲመጣ ይሄ ድብ የት ይተኛል መሰለህ?" አለችው። ትንሽ አሰበና "ባዶ የሆነ የዛፍ ግንድ ውስጥ" አላት። ደብተሩ ላይ አንብቦ ነው። እሷ ደግሞ ባርኔጣዋን አውልቃ አናቱ ላይ አደረገችለት። ድቡን በአካል አላየነውም፣ ቢሆንም እስከ ዛሬ የሚያወራው ስለሷ ነው።

አሁን ምክር የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ለልጅ የሚሆነው የትኛው ፓርክ ነው? እዛ ያሉት ጠባቂዎች ከልጅ ጋር ያወራሉ ወይስ ሥራቸው ጥበቃ ብቻ ነው? መሣሪያ ይዘው እንደሚሄዱ ሰምቻለሁ፣ ልጄ ደግሞ ከዚህ በፊት መሣሪያ በቅርብ አይቶ አያውቅም። አማርኛ ይሰማል፣ ሲመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ከፍታውም ያሳስበኛል። ልጅ ይዞ የሄደ ሰው ካለ እባካችሁ።

የሁለት ልጆች አባት፣ አዲስ አበባ

እህቴ፣ ሳታመነቺ ባሌ ውሰጂው። ልጆቼን ይዤ ሄጄ ስላየሁት ነው የምልሽ።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ዲንሾ ነው፣ ከአዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር። በአንድ ቀን ይደረሳል፣ ግን ከልጅ ጋር ከሆነ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሱ። በአሰላ በኩል ብትሄዱ በቆጂን ታልፋላችሁ። ልጅሽ ሩጫ የሚወድ ከሆነ እነ ደራርቱ ቱሉ፣ እነ ቀነኒሳ በቀለ፣ እነ ጥሩነሽ ዲባባ የወጡበት አገር ነውና ወርዳችሁ ሻይ ጠጡ። ከዛ ዶዶላ፣ አዳባ፣ ዲንሾ።

ለልጅ ዲንሾን የሚያክል የለም የምለው፣ እንስሳ ፍለጋ ሙሉ ቀን መኪና ውስጥ መቀመጥ ስለሌለ ነው። በሩን አልፋችሁ ጥዱና ኮሶው ስር በእግራችሁ ትንሽ እንደሄዳችሁ የደጋ አጋዘን ታያላችሁ። እዛው ከርከሮው በጉልበቱ ተንበርክኮ ሣር ይግጣል፣ ልጆች ይሄን ሲያዩ ሳቃቸው አይቆምም። ቤት ውስጥ አሮጌ አስር ሳንቲም ካለ ፈልጊና ያዢለት። ሳንቲሙ ላይ ያለው እንስሳ ያ የደጋ አጋዘን ነው። ትንሿ ልጄ ሳንቲሙን አንድ ዓይኗን ጨፍና ከፊቷ ይዛ ቀንዱን ከእውነተኛው ጋር ስታስተያይ፣ አብሮን የነበረው ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ጎንበስ ብሎ በሷ ቁመት ልክ ሆነና "ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው፣ እስኪ ስንት ወንድ አለ ቁጠሪልኝ" አላት። ከዛ በኋላ ያለውን ሰዓት እኔና እናቷ ተረስተናል።

በማግስቱ በሮቤና በጎባ በኩል ወደ ሳነቴ ውጡ። ከ4,000 ሜትር በላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። ቀይ ቀበሮ የሚታየው እዛ ነው። በዓለም ላይ የቀረው አዋቂ ቀይ ቀበሮ ሁሉ 500 እንኳን አይሞላም፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። እኛ ከመኪና ሳንወርድ ነው ያየነው፣ ከመንገዱ ዳር ሣሩ ላይ እያደባ አይጥ ሲያድን። ከሳነቴ ስትወርዱ ሐረና ጫካ ነው፣ ጉሬዛ አለ፣ የጫካ ቡና አለ፣ ልጁም ይሞቀዋል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ነርስ ነኝ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ከላይ ያለው ወንድሜ ያለው ሁሉ ትክክል ነው፣ ግን "በማግስቱ ሳነቴ" የሚለውን እኔ አልደግፍም። አሌክሳንድሪያ ማለት ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ያላለ ከተማ ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ዲንሾ ከ3,000 ያልፋል። ልጁ አዲስ አበባ ጥቂት ቀን ይክረም፣ ያው አያቱ ቤት ስለሆነ አይከፋውም። ከዛ ዲንሾ ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሩ። ሳነቴን በመኪና ውጡና በዛው ቀን ወደ ታች ውረዱ፣ እዛ ላይ ማደር ለልጅ አያስፈልግም።

ልጆች ራሴን አመመኝ ብለው ላይናገሩ ይችላሉ። ዝም ካለ፣ ያለወትሮው ከተነጫነጨ፣ ምግብ እምቢ ካለ ወይም ካስመለሰው ከፍታው ሊሆን ይችላል። ወደ ላይ አትቀጥሉ፣ ካልተሻለው ወዲያው ውረዱ። ውሃ ቶሎ ቶሎ ይጠጣ። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ጓንትና ኮፍያ ያስፈልገዋል፣ ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ ፊት ይልጣልና ክሬም አትርሺ። ከመነሳትሽ በፊት የልጁን ሐኪም አነጋግሪ። ደጋው ላይ ወባ አያሰጋም፣ አዋሽ ወይም አርባ ምንጭ የምትሄጂ ከሆነ ግን ያሰጋል፣ ለሐኪሙ የምትሄጂበትን ቦታ በስም ንገሪው።

ዲንሾ ያደግኩ

እህቴ፣ አባቴ ባሌ ፓርክ ስካውት ነበር። ልጅ ከእንስሳው አስበልጦ ጠባቂውን ማየት ፈለገ ሲባል እኔ የሰማሁት ካንቺ ነው፣ እግዜር ይስጥሽ፣ ደስ ብሎኛል።

እኛ ጋ ስካውት ነው የሚባለው። እና የማየውን ልንገርሽ። ጎብኚ ሲመጣ የሚያወራው ከአስጎብኚው ጋር ነው። ስካውቱ ከኋላ ይከተላል፣ ምሳ ሲሆን ራቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ማታ ቲፕ ተሰጥቶት ይለያያሉ። ያ ሰውዬ ግን የትኛዋ ቀበሮ የት እንደወለደች የሚያውቅ ነው። በብርድ ሌሊት በፈረስ እየዞረ የሚያድር ነው። በበጋ አስታው (የደጋው ቁጥቋጦ) ሲቃጠል ቅጠል ይዞ እሳት የሚያጠፋው እሱ ነው። ከብት ፓርኩ ውስጥ ሲገባ ከገዛ ጎረቤቱ ጋር፣ አንዳንዴም ከዘመዱ ጋር የሚጨቃጨቀው እሱ ነው። አባቴ በዚህ ምክንያት ለቅሶ ቤት ሄዶ ፊት የነሱት ጊዜ ነበር፣ ደሞ በማግስቱ ሥራው ላይ ነው። የዚህን ሰው ታሪክ የሚጠይቀው ጎብኚ በጣም ጥቂት ነው።

ስለዚህ ልጅሽ እንዲያናግረው ከፈለግሽ ስካውቱን ወደ ፊት አምጪው። ጠዋት ስትነሱ ለአስጎብኚው "ዛሬ ልጁ የሚሄደው ከስካውቱ ጋር ነው፣ አንተ ታስተረጉምልናለህ" በይው። አብዛኛው ስካውት አማርኛ ይሰማል፣ የአፍ መፍቻው ግን ኦሮምኛ ነው። ልጁ "አካም ጅርቱ" ብሎ እጁን ዘርግቶ ሰላም ቢለው፣ ሲለያዩ "ገለቶማ" (አመሰግናለሁ) ቢለው የሰውዬው ፊት ይፈታል። ምሳም ስትበሉ አብራችሁ ብሉ። እንጀራ ላይ አብሮ የቀረበ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም።

ምን ይጠይቀው ካልሽኝ፣ ስለ ግዙፉ ፍልፈል ይጠይቀው። ሁሉም ሰው ቀበሮ ቀበሮ ይላል፣ ቀበሮው ግን የሚኖረው በፍልፈሉና በአይጡ ነው። ይሄ ፍልፈል ባሌ ውስጥ ብቻ ነው ያለው። ዓይኖቹ አናቱ ላይ ናቸው፣ ምክንያቱም ከጉድጓዱ ብዙ ሳይወጣ ዙሪያውን ማየት አለበት። ሰውነቱን ሙሉ በሙሉ ሳያወጣ በአካባቢው ያለውን ሣር ይለቅምና ወደ ኋላው ይመለሳል፣ ከዛ የጉድጓዱን አፍ በአፈር ይደፍነዋል። ስካውቱ ጉድጓዶቹን እያየ አፈሩ እርጥብ የሆነውን ይመርጣል፣ ያ አሁን የተደፈነ ነው። ልጁን ነፋሱ ከጉድጓዱ ወደነሱ በሚነፍስበት በኩል ያስቀምጠዋል፣ ሁለቱም ዝም ይላሉ። አንዲት ትንሽ ወፍ ጉድጓዱ አጠገብ ስትዘል ከታየች ፍልፈሉ ሊወጣ ነው ማለት ነው፣ እሱ አፈር ሲገፋ የሚወጣውን ነፍሳት ትለቅማለች። እና መጀመሪያ አፈሩ ይነቃነቃል፣ ቀጥሎ ቢጫ ጥርስ፣ ቀጥሎ እነዛ ሁለት ዓይኖች። አባቴ ይሄን ሲያሳየኝ ትንፋሼን ይዤ ነበር የማየው። ቀበሮውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፣ ጉድጓዱ አጠገብ ተጋድሞ ይጠብቃል።

በጥር ደግሞ የቀበሮዎቹ ግልገሎች ከጉድጓድ ብቅ ማለት የሚጀምሩበት ጊዜ ነው። ስካውቱ ወደ መውለጃው አልወስድህም ካለው ልጁ አይከፋ። ሰው ከቀረበ እናቲቱ ትረበሻለች፣ ግልገሎቿን ተሸክማ ቦታ ልትቀይር ትችላለች። እምቢ ማለቱ ሥራው ነው፣ ለምን እንደሆነም ይጠይቀው፣ በደስታ ይነግረዋል። ስለ ውሾቹም ይጠይቀው። የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ውስጥ ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል፣ በሽታው የሚመጣው ከሰው ውሻ ነው፣ ስለዚህ በየመንደሩ እየዞሩ ውሻ የሚከትቡ ሰዎች አሉ።

መሣሪያውን በተመለከተ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ንገሪው። ሰውዬው የሚይዘው ለሥራው ነው፣ አይነካም፣ ከአፈሙዙ ፊት አይቆምም፣ ይኸው ነው። አንዳንድ ሰው ልጅን መሣሪያ አሲዞ ፎቶ ያነሳል። እባክሽ ይሄን አታድርጊ፣ ስካውቱ እምቢ ማለት ከብዶት ዝም ሊል ይችላል።

መምህርት፣ አዲስ አበባ

እኔ ትንሽ ለየት ያለ ሐሳብ አለኝ። ጊዜሽ አጭር ከሆነ አብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ በቂው ነው። ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር ነው፣ ላንጋኖ አድራችሁ ጠዋት መግባት ትችላላችሁ። በሩ አካባቢ ሰጎንና የሜዳ ፍየል አለ፣ ከስካውት ጋር በእግር ትሄዳላችሁ። ከዛ ሻላ ሐይቅ ዳር ወርዳችሁ ፍልውሃው ጋ ሰው በቆሎ ሲቀቅልበት ታያላችሁ። ልጅ ይሄን አይረሳም። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት አለው፣ ጎኑ ያለው አብያታ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየሸሸ ነው። ስካውቱን "ድሮ ውሃው እስከ የት ነበር?" ብሎ ይጠይቀው። ሰውዬው በእጁ ሲያሳየው፣ መጽሐፍ ላይ ከሚያነበው ይልቅ ያኔ ይገባዋል።

አዋሽም ሳላ አለ፣ ፏፏቴው አለ፣ ታች ወንዙ ውስጥ አዞ አለ፣ ለልጅ ደስ ይላል። ግን እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ፈንታሌ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጡ ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል፣ ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ያለበትን ሁኔታ ጠይቂ።

ስለ ደብተሩ ደግሞ ልንገርሽ፣ እኛ ጋ እንደዛ የሚሰጥ ነገር አትጠብቂ፣ ራስሽ ሥሪለት። እኔ ለተማሪዎቼ አዘጋጅቼ ነበር፣ ተራ የ32 ገጽ ደብተር። አንዱ ገጽ ላይ የእግር ዱካ ይስላሉ፣ አንዱ ላይ የሰሙትን ድምፅ ይጽፋሉ፣ አንዱ ላይ ለስካውቱ የሚያቀርቡትን ሦስት ጥያቄ ከቤት ጽፈው ይመጣሉ፣ ከታች ስካውቱ የሚፈርምበት መስመር አለ። ያን ቀን የነበረው ስካውት ሁሉንም አንድ በአንድ እያየ ፈረመ። አንዷ የሳለችውን የጅብ ዱካ አይቶ "ይሄ ጥፍር የለውም፣ ጅብ ጥፍሩ መሬት ላይ ይታያል" አላትና በጣቱ አፈሩ ላይ ስሎ አሳያት። ለእኔ ማኅተምም ባጅም ከዚህ አይበልጥም።

ይሄን ሁሉ የምጽፈው የእኛ የአዲስ አበባ ልጆችም ስለሚያሳዝኑኝ ነው። አንበሳ የሚያውቁት ከስድስት ኪሎ ነው። ዋልያን የሚያውቁት ከእግር ኳስ ማሊያ ነው። የጠባቂ ሥራ ምን እንደሆነ የሚነግራቸው ሰው አግኝተው አያውቁም። አቅሙ ያለው ወላጅ ከሪዞርቱ መዋኛ አንድ ጠዋት ቀንሶ ልጁን ፓርክ ያስገባ፣ ትምህርት ቤቶችም ለልጆች ጉዞ ሲያዘጋጁ መዝናኛ ቦታ ብቻ አይምረጡ።

እናት ከአሌክሳንድሪያ

በጣም ነው የማመሰግናችሁ፣ ሁላችሁም። ለልጄ ስለ ፍልፈሉ አነበብኩለት፣ ዓይኑ አናቱ ላይ ነው ስለው ወዲያው መሳል ጀመረ። ጊዜ ስላለን ሁለቱንም እናድርግ ብያለሁ፣ ስንሄድ ላንጋኖ አድረን አብያታ ሻላ፣ ከዛ በዶዶላ ዲንሾ። ለከፍታውም ቀስ እያለ እንዲለምድ ይጠቅማል መሰለኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። አባቴ የጎንደር ሰው ነው፣ "ሰሜን ተራራ ሳታሳዪው ትመለሻለሽ?" እያለኝ ነው። ሌላው ደግሞ ለስካውቱ ምን ልስጥ? ከዚህ ይዤለት የምመጣው ነገር ካለ ንገሩኝ።

ደባርቅ

አባትሽ እውነታቸውን ነው፣ እንደ ሰሜን ያለ የለም። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ፈቃድ የሚወጣውም አስጎብኚና ስካውት የሚያዘውም እዛ ነው፣ ያለ ስካውት መግባት አይቻልም። ሳንቃበር አካባቢ ጭላዳ በመንጋ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ልጁ በቅርብ ያያል። ዋልያ የሚታየው ጨነቅ የሚባለው ቦታ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ቦታዎች አንዱ ነው፣ በ1996 አደጋ ላይ ያለ ተብሎ በ2017 ከዛ መዝገብ የወጣው እነዚሁ ስካውቶችና የአካባቢው ሰው ብዙ ደክመው ነው። ግን ልጅ ይዘሽ ነውና እውነቱን ልንገርሽ፣ የመንገዱን ሁኔታ ከኢንተርኔት አትይ። እዛው ካለ ሰው፣ በሄድሽበት ሳምንት ጠይቂ። እርግጠኛ ካልሆንሽ ለሌላ ጊዜ ይቆይ፣ ለአባትሽም እንደዚሁ ንገሪያቸው።

ዲንሾ ያደግኩ

ስለ ስጦታው። ክፍያውን እንደ ደንቡ በቢሮ ክፈይ፣ ደረሰኝ ተቀበይ። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካለሽ ያዢና የመግቢያ ዋጋው ላይ ለውጥ ያመጣ እንደሆነ በሩ ላይ ጠይቂ። ቲፑን ለስካውቱ ለብቻው፣ በእጁ ስጪው፣ በአስጎብኚው በኩል አትላኪው። ዕቃ ማምጣት ከፈለግሽ ጥሩ የእጅ ባትሪ ወይም ወፍራም ካልሲ ይጠቅመዋል፣ የሌሊቱ ብርድ ቀላል አይደለም። ቢኖኩላር ትርፍ ካለሽ ደግሞ ከሁሉም በላይ ነው። ለመንደሩ ልጆች ከረሜላና ሳንቲም አትበትኚ፣ መንገድ ዳር ቆመው መኪና መጠበቅ ይለምዳሉ፣ መስጠት ካማረሽ ደብተርና እስክሪብቶ ለትምህርት ቤቱ ስጪ።

እና ሌላው፣ ልጁን ከስካውቱ ጋር ፎቶ ስታነሺ አትሚና ላኪለት። ብዙ ሰው "እልክልሃለሁ" ብሎ ይሄዳል። አንቺ አዲስ አበባ ስትመለሺ አሳትመሽ በአስጎብኚው በኩል ወይም ዲንሾ ወዳለው ቢሮ በሚሄድ ሰው ላኪው። ዲንሾ ስትደርሱ ከምሽቱ በፊት ቢሮ ግቡና የነገውን ስካውት አስይዙ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ። አጋዘኑ ፀሐይ ሳይበረታ ሜዳው ላይ ነው፣ ረፋድ ላይ ጫካ ይገባል።